የልጅን ደረት በቤት የሚያዳምጥ የአስም መሣሪያ ሲሞከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አስም ያለበት ልጅ አለዎት? መጥተው አዲስ የቤት መሣሪያ ይሞክሩልን፤ ለጊዜዎ እንከፍላለን።» ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወላጆች እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ይሆናል። የእኔ ሥራ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ላይ መቀመጥ ነው። ወላጆች መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዙት አጠገባቸው ሆኜ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እመዘግባለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ከመምጣታቸው በፊት ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ስላለ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

መሣሪያው ምንድን ነው የሚሠራው?

ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ መኖር አለመኖሩን ያዳምጣል። ድምፁ የሚመጣው የአየር ቧንቧዎቹ ሲጠቡ ነው፤ አየሩ በጠባቡ እየተጋፋ ሲያልፍ ያፏጫል። ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማውን መሣሪያው በማይክሮፎን ይይዘዋል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ድምፁን መርምሮ «አለ» ወይም «የለም» ይላል።

ገበያ ላይ የወጡ አሉ። የጃፓኑ ኦምሮን የሠራው ዊዝስካን ከ4 ወር እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ በቀኝ በኩል የደረት ላይኛ ክፍል ላይ ለ30 ሰከንድ ተይዞ ውጤቱን በመብራት ያሳያል። የአውስትራሊያው ሬስፒሪ ያወጣው ዊዞ ደግሞ አንገት ላይ፣ ጉሮሮ አጠገብ ነው የሚያዘው፤ ውጤቱን ስልክ ላይ ያወጣል። ሲታዩ ቀላል ናቸው። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ እያለቀሰ የሚወራጭ ልጅ ታቅፎ 30 ሰከንድ ረጅም ነው።

እናት የልጇን ትንፋሽ መስማት አትችልም እንዴ?

ትችላለች፣ ብዙ ጊዜም ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ችግሩ ከሕፃን ደረት የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የተዘጋ አፍንጫ ያንኮራፋል። ጉሮሮ ላይ የቆመ አክታ ይንኮሻኮሻል። ደረት ውስጥ ያለው ፉጨት ደግሞ ሌላ ነው፣ አንዳንዴም ያለ ማዳመጫ ጭራሽ አይሰማም። ወላጅ «ሲር ሲር ይላል» ብሎ ያመጣውን ልጅ ሐኪም አዳምጦ «ይሄ ከአፍንጫው ነው» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ተቃራኒውም ያጋጥማል።

ትልልቆቹ ልጆችና አዋቂዎች ፒክ ፍሎው ሜትር ውስጥ በኃይል ነፍተው አየር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያስወጡ በቁጥር ማየት ይችላሉ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን «በኃይል ንፋ» ቢባል በትክክል አይነፋም። ለነዚህ ትንንሾች ቤት ውስጥ የሚሆን መለኪያ እምብዛም ስለሌለ ነው ማዳመጫ መሣሪያ የታሰበው።

የአጠቃቀም ሙከራ ማለት ምንድን ነው? መድኃኒት ሊሞክሩብን ነው?

አይደለም። መድኃኒት የለም፣ መርፌ የለም፣ ደም አይወሰድም። የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ እንደናንተ ያለ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ፣ መመሪያውን አንብቦ ወይም ሳያነብ፣ ዕቃውን በትክክልና ያለአደጋ መጠቀም ይችላል ወይ?

ይሄ ኩባንያዎች ከደግነት የሚያደርጉት አይደለም፤ ግዴታ አለባቸው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በ2016 ባወጣው መመሪያ ሰው ቢሳሳትባቸው ከባድ ጉዳት የሚያደርሱ የሕክምና ዕቃዎች ከመሸጣቸው በፊት በእውነተኛ ተጠቃሚዎች እንዲሞከሩ ይጠይቃል። ኤፍዲኤ ማለት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ ያለው ትልቁ ግቢ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በየቀኑ በደጃፉ ታልፋላችሁ። አይኢሲ 62366 የሚባል፣ የሕክምና ዕቃ አጠቃቀምን የሚመለከት ዓለም አቀፍ መስፈርትም አለ።

«ዕቃው ልጆችን ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥናት ነው። ለዚያ ቤተሰቦች መሣሪያውን ቤታቸው ወስደው ለወራት ይጠቀሙበታል። ዊዝስካን በርሊን፣ ለንደንና ኢስታንቡል ባሉ ቤተሰቦች እንዲያ ተጠንቷል። እናንተ የምትመጡበት ግን በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው።

ልጄን ያሳምሙብኛል?

በፍጹም። የልጁን አስም ቀስቅሶ ማየት የሚባል ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሆዱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ያለው አሻንጉሊት ነው፣ ከተቀዳ የሕፃን ትንፋሽ ጋር። አንዳንድ ሙከራ ላይ ልጁ አብሮ ይመጣል፣ ደህና በሆነበት ቀን፤ የሚደረገውም መሣሪያውን ደረቱ ላይ ማስያዝ ብቻ ነው። ፓፉን፣ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ማለቴ ነው፣ አቁሙለት ወይም መጠኑን ቀይሩ የሚላችሁ ካለ ግን ያ የአጠቃቀም ሙከራ አይደለም፣ ተነሡና ሂዱ።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ሳሎን እንዲመስል የተሰናዳ ክፍል ነው። ሶፋ አለ፣ መብራቱ ደብዘዝ ሊል ይችላል፣ ቴሌቪዥን ሊከፈት ይችላል። ይሄ ሁሉ ሆን ተብሎ ነው፤ የኛ ቤት ጸጥ አይልማ። ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ መጥቶ፣ አንዱ በስልክ ኢትዮጵያ ካለ ሰው ጋር ጮክ ብሎ እያወራ ነው ልጁ ማሳል የሚጀምረው። (እግረ መንገዴን፦ አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ዕጣኑን ተዉት። ጭሱ ሊቀሰቅስበት ይችላል።)

ከዚያ ሁኔታ ይነገራችኋል፣ «ልጅዎ ሌሊት እያሳለ ነቃ እንበል፣ ቤትዎ እንደሚያደርጉት ያድርጉ» ተብሎ። የሚረዳችሁ የለም። የምትጨነቁት እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ሰው ዞር ብላችሁ «እንዲህ ነው?» ትላላችሁ፣ ሰውየው ዝም ይላል። ክፋት አይደለም፣ ቤታችሁ አብሯችሁ ስለማይኖር ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት አሻንጉሊቱን ታቀፈችና መሣሪያውን በሹራቡ ላይ አስቀመጠችው። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ደረቱ የተራቆተ ልጅ ያሳያል፤ ጽሑፉ ግን «ልብሱን ገልጣችሁ ቆዳው ላይ» አይልም ነበር። ጨርቁ ሲፋተግ ማይክሮፎኑ ሌላ ነገር አልሰማም፣ ብርቱካን መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ትርጉሙ «አልሰማሁም፣ እንደገና ሞክሩ» ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ፈጦ «አሞታል ማለት ነው» አለችና ፓፉን አነሣች። በኋላ ለምን በልብሱ ላይ እንዳደረገችው ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነበር፦ «ሌሊት ነው ብላችሁኝ የለም? ራቁቱን ባደርገው ብርድ ይመታዋል።» ልክ ናት። ያን ሥዕል የሠራው ሰው ክረምት ላይ ልጅ ይዞ የሚነሣ ሰው በሐሳቡ አልመጣለትም። ሁለት ነገር ተገኘ፤ ሥዕሉ ከላይ ብቻ ገለጥ ያለ ልብስ እንዲያሳይ፣ የስህተት መብራቱም ከሕመም ምልክቱ ጨርሶ እንዳይመሳሰል።

ብሳሳትስ? ያሳፍረኛል።

የምትፈለጉት ለዚሁ ነው! የተገለበጠ ባትሪ፣ ከ30 ሰከንድ በፊት የተነሣ እጅ፣ ሳይታይ የታለፈ መብራት፣ ሁሉም ይመዘገባል፤ የሚመዘገበው ግን በዕቃው ስም ነው። ልትሳሳቱ ስትሉ የተመለሳችሁበት ሁሉ ሳይቀር ይጻፋል። ከዚያ «እዚህ ጋ ምን አስበው ነበር?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ ያ ጥያቄ ወቀሳ አይደለም፣ ከሙከራው ሁሉ ትልቁ ፍሬ የሚገኘው ከዚያ መልስ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚታዩት ተበላሽተው ቢሠሩ ወይም ቢዘለሉ ልጅ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያመጡ ተግባራት ናቸው። ውጤቱን ገልብጦ መረዳት አንዱ ነው። ባትሪ መቀየር ላይ ብትቸገሩ ትበሳጫላችሁ፣ «የለም» የሚለውን «አለ» ብላችሁ ብታነቡ አላስፈላጊ መድኃኒት ትሰጣላችሁ፣ «አለ» የሚለውን «የለም» ብታነቡ ደግሞ ልጁን አስተኝታችሁ ትተኛላችሁ። ሦስቱ እኩል አይደሉም።

ባይመቸኝም «ጥሩ ነው» ብል ምን ችግር አለው? ደክመው የሠሩት ነገር ነው።

ይሄ ነው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ። ይሉኝታችንን አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ዕቃውን ማጣጣል ነውር ይመስለናል፣ በተለይ ሻይ አቅርበው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ፈገግ ብለው ከተቀበሉን። አንድ አባት 4 ጊዜ አልሠራ ብሎት በመጨረሻ «በጣም ቆንጆ ዕቃ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ብሎ ሲነሣ አይቻለሁ። እንደ እድል እጁ ምን እንዳደረገ በቪዲዮ ነበረ። አፉ የተናገረው ብቻ ቢመዘገብ ኖሮ ዕቃው እንዳለ ገበያ ይወጣ ነበር፤ የሚገዛውም ሌላ እንደሱ ያለ አባት ነው፣ ሌሊት፣ ብቻውን።

መጨረሻ ላይ ዕቃው ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደተመቸ የሚለካ ቅጽም ይሰጣችኋል፣ ብዙ ጊዜ ኤስዩኤስ የሚባለው። ጆን ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1986 ያዘጋጀው ነው። 10 ዓረፍተ ነገር አለው፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ትሰጣላችሁ፣ ውጤቱ ተሰልቶ ከ100 ይወጣል። መካከለኛ የሚባለው 68 ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ መልካም፣ አንዱ መጥፎ እየሆኑ ነው የተደረደሩት፦ አንደኛው «ደጋግሜ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ» ዓይነት፣ ሁለተኛው «ሳያስፈልግ የተወሳሰበ ነው» ዓይነት። ስለዚህ ለማስደሰት ብላችሁ ሁሉንም 5 ብትሞሉ ውጤቱ 100 አይሆንም፣ 50 ነው የሚሆነው። ዕቃውንም አልጠቀማችሁት፣ ወላጁንም አልጠቀማችሁት።

ስለዚህ እባካችሁ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ። ከበዳችሁ «ከበደኝ» በሉ። የጎረቤት ልጅ ታሞ መድኃኒቱን የምታቀብሉት ቢሆን ኖሮ የምትናገሩትን ያህል በግልጽ።

ጥቂት ሰው ሞክሮ ምን ይታወቃል?

በሥራው ሂደት መካከል ባሉት ሙከራዎች 5 ወይም 6 ሰው ብቻ ሊጠራ ይችላል፣ ችግር ይገኛል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ይጠራል። በመጨረሻው ዋና ሙከራ ግን ኤፍዲኤ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ሰው እንዲኖር ይመክራል። ላውራ ፎክነር የምትባል ተመራማሪ በ2003 እንዳሳየችው 5 ሰው በአማካይ 85 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣል፤ ክፉ ዕድል ሆኖ ግን የተመረጡት 5ቱ 55 በመቶ ብቻ የሚያወጡበት ጊዜ አለ። በ15 ሰው ዝቅተኛው ወደ 90 ይወጣል። ማን እንደሚመጣ ከስንት ሰው እንደሚመጣ የማይተናነስ ቁም ነገር ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልምጣ?

ኑ። አሜሪካ ለሚሸጥ ዕቃ የመጨረሻው ሙከራ የሚደረገው አሜሪካ በሚኖሩ ሰዎች ነው፣ እናንተ ደግሞ እዚህ ናችሁ፣ ልጆቻችሁም እዚህ ነው የሚታከሙት። ማስታወቂያው ላይ የቋንቋ ገደብ ካለ ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነም ጠይቁ። መመሪያውን ሳያነቡ በሥዕሉ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ካልተሞከሩበት ሥዕሉ እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

የኛ አለመኖር ዋጋ እንዳለው ያየነው ነገር ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክሲሜትሩ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ችግር አለበት። በ2020 በታተመ አንድ ጥናት መሣሪያው ያላየው አደገኛ የኦክስጅን ማነስ ጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ 3 ጊዜ ገደማ ይበልጥ ነበር። ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ የቆዳ ቀለም አያግደውም። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ አያያዛችን ግን ያግደዋል፤ ያቺ እናት ያሳየችን እሱን ነው።

መሣሪያው «የለም» ካለ ልጄ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይሄን ሙከራ ላይ የምትመጡም፣ የማትመጡም፣ መሣሪያ ገዝታችሁ ያላችሁም በደንብ ያዙልኝ።

አስም በጣም ሲከፋ ፉጨቱ ሊጠፋ ይችላል። ቧንቧው ከመጥበቡ የተነሣ የሚያልፍ አየር ያንሳል፣ አየር ከሌለ ድምፅ የለም። ደረቱ ዝም ይላል። መሣሪያው «ሲር ሲር የለም» ሲል አልዋሸም፣ ግን ልጁ ከምንም ጊዜ በላይ አደጋ ላይ ነው።

ልጁን እዩት። ሲተነፍስ ጎድን አጥንቱ መሃል ወይም ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? አፍንጫው ይከፈታል ይዘጋል? መናገር፣ ማልቀስ ወይም መጥባት አቅቶታል? ደክሞት ፈዟል? ከንፈሩ፣ ድዱ፣ ጥፍሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሆኗል? በኛ ቆዳ የፊት መልክ ላያሳይ ስለሚችል የከንፈሩን ውስጥና ድዱን ገልጣችሁ እዩ። ከነዚህ አንዱ ካለ መሣሪያውን ወዲያ በሉት፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ፓፉን ስጡትና አምቡላንስ ጥሩ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101 ነው። ኢትዮጵያ ከሆናችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም።

ደግሞም ሲር ሲር የሚል ሁሉ አስም አይደለም። ሕፃናት ላይ የቫይረስ ጉንፋን ያመጣዋል፤ ድንገት የጀመረና በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማ ከሆነ ልጁ የዋጠው ኦቾሎኒ ወይም የአሻንጉሊት ስብርባሪ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ድምፁን ይነግራችኋል፣ ምክንያቱን አያውቅም።

እና ጥሩ የአጠቃቀም ሙከራ ይሄንንም ይፈትናል። «መብራቱ የለም ይላል፣ ልጁ ግን እንዲህ ሆኖ ይተነፍሳል፣ ምን ያደርጋሉ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ አትደናገጡ። ብዙ ሰው «የለም ካለማ ልተኛ» ካለ ማስጠንቀቂያው ተቀብሮ ነው ማለት ነው፣ መውጣት አለበት።

ይቀርጹናል? ወረቀት ይጠይቁናል?

አብዛኛውን ጊዜ ይቀርጻሉ፤ አስቀድመው ያስፈርማሉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ቪዲዮውን ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል ብላችሁ ጠይቁ። መሃል ላይ «በቃኝ» ብሎ መውጣት መብታችሁ ነው። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ልጅ አንድ ገዝቼ ልላክ?

ፍላጎቱ ይገባኛል፣ ግን በቅደም ተከተል እንሂድ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ሐኪም ላዘዘለት የመከላከያ ፓፍ፣ ለስቴሮይዱ ማለቴ ነው፣ አውሉት። ልጁ የሚያስታግሰውን ሰማያዊ ፓፍ ብቻ ይዞ ከሆነ የሚቀጥለውን ሕመም የሚከለክልለት የለም። ቀጥሎ ስፔሰር፣ በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ቱቦ። ትንሽ ልጅ ፓፍ በቀጥታ አፉ ላይ ቢነፋለት አብዛኛው ምላሱና ጉሮሮው ላይ ነው የሚቀረው። ስፔሰር ካጣችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ ፓፉ እንዲገጥምበት ተደርጎ ይሠራል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ውስጥ በተደረገና በ1999 በታተመ ጥናት እንዲህ ተስተካክሎ የተሠራ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር ተወዳድሮ ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። ጤና ባለሙያ እንዲያሳያቸው ብቻ ንገሯቸው። ማዳመጫ መሣሪያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሙከራው ላይ ስለ ልጄ ሕመም ልጠይቅ?

ጠይቁ፣ ግን መልስ አታገኙም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሐኪሞች አይደለንም፣ ብንሆንም በዚያ ሰዓት ማከም አይፈቀድልንም። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ለልጁ ሐኪም ውሰዱት። በጽሑፍ የተዘጋጀ የአስም ዕቅድ ከሌላችሁም እሱን አብራችሁ ጠይቁ፤ መቼ ስንት ፓፍ፣ መቼ ሆስፒታል የሚል አንድ ገጽ ነው፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ።

ሲያልቅ መሣሪያውን ይሰጡኛል?

አይሰጧችሁም። ገና ያልተፈቀደ፣ አንዳንዴም በውስጡ ምንም የማይሠራ ናሙና ነው። ለጊዜያችሁ የተነገራችሁን ክፍያ ግን መሃል ላይ ብትወጡም፣ ሁሉንም ብትሳሳቱም ልትቀበሉ ይገባል፤ ከመፈረማችሁ በፊት ይሄ ወረቀቱ ላይ መጻፉን እዩ።